ሙሉ ስም፣ ለማረጋገጥ ያህል

«ለሐዘን ፈቃዱ አክስት አትገባም፤» አለ ግራንት። «እናት፣ አባት፣ ባል፣ ልጅ፣ ወንድምና እህት። አያት ራሷ ትገባለች፣ ይገርምሻል! አክስት ግን የለችበትም። በእኔ ቢሆን ዛሬውኑ ነበር የምለቅሽ፤ ሲስተሙ ነው እምቢ ያለው።»

ታኒካ ስልኩን በጆሮዋና በትከሻዋ መሃል አጣብቃ ኩባያ ታለቀልቃለች። ግራንት የቡድን አለቃዋ ነው፤ ሰው ሲያዝን ድምፁን እንደ ራዲዮ ጋዜጠኛ ያወፍራል። «እናቴ ናት፤» አለችው። «የእናቴ እህት ናት፣ ያሳደገችኝም እሷ ናት። እኛ ዘንድ ይሄ እናት ነው።» «እኮ፣ ገብቶኛል። በጣም ነው የማከብረው። ግን ስትቀጠሪ ለአደጋ ጊዜ የሚደወልላት ብለሽ ያስመዘገብሻት በአክስትነት ነው።» ከዚያ፣ ውለታ እንደሚውል ሰው ድምፁን ዝቅ አደረገ። «ደግሞ ዛሬ ሥልጠናው ነው እኮ፣ ታኒካ። የባህል ደኅንነቱ፣ ከነባሩ ሕዝብ ጋር የዕርቁ። ስለ እናንተው ስለ አቦርጅናሎቹ ነው። አንቺ ከቀረሽ ምን ይባላል?»

ቤቱ ኤሊዛቤት ከሚባለው የአደሌድ ጫፍ ሰፈር የመንግሥት ቤቶች አንዱ ነው። መኝታ ክፍሎቹ ሁለት፣ የጋዝ ማሞቂያው አንድ፣ ሌሊቱን ያደረው ዘመድ ግን ለሦስት ቤት ይበቃል። ምንጣፉ ላይ ፍራሽ፣ ፍራሹ ላይ አጎት፣ አጎቱ ላይ የሌላ ሰው ካፖርት። ሰኔ ነው፤ ብርዱ ከበሩ ሥር ይገባል። ግድግዳው ላይ ያሉት ፎቶግራፎች በሙሉ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዙረዋል። ከበስተኋላቸው የዋጋ ወረቀታቸው ሳይላጥ እንደቀረ አሁን ገና ታየ፤ አራት ዶላር፣ ስድስት ዶላር፣ ትልቁ የሠርግ ፍሬም ዐሥራ ሁለት ዶላር በቅናሽ። በወጋቸው መሠረት ሟቿ ከትናንት ማታ ጀምሮ ፊት የላትም። ስምም የላትም፤ ስሟን የሚጠራ የለም፣ እዚህም አይጠራም። በእሷ ስም የተሰየመችው የልጅ ልጇ በአንድ ሌሊት «ሲስ»፣ እህት ማለት፣ ሆና አድራለች። ቁርስ ላይ አንዱ አጎት ተሳስቶ በዱሮ ስሟ ሊጠራት አፉን ከከፈተ በኋላ ትኩስ ሻይ ተጎንጭቶ መልሶ ዋጠው። ዳቦው ላይ ቅቤ ሲቀባ ቢላዋው የሚያሰማው ድምፅ ብቻ ነበር።

ዱዌይን የሟቿ ልጅ ነው፤ የሲስ አባት፣ በቤተሰቡ አቆጣጠር ደግሞ የታኒካ ወንድም። ጢሙን ሳይላጭ፣ ካልሲውን ሳያደርግ፣ ሌሊቱን ሙሉ አንድ ሕግ ሲያውጅ ነበር ያደረው። «ፌስቡክ የሚባል ነገር የለም! እማማ ዱልሲ ከእኛ አፍ ሳትሰማ አንዲት ፊደል እንዳትጽፉ። የተሰበረ ልብ የምትለጥፉም ካላችሁ፣ አጥንታችሁንም ሰብሬ አብሬ ነው የምለጥፈው።» እማማ ዱልሲ የሟቿ ታላቅ እህት ናቸው፤ ወደ ሰሜን፣ ፖርት ኦጋስታ ነው የሚኖሩት። ልባቸው ደካማ ነው። ልባቸው ደካማ ባይሆንም እንዲህ ያለ ነገር በስልክ አይነገርም። ይኬዳል፣ አጠገባቸው ይቀመጣል፣ እጃቸው ይያዛል፣ ከዚያ ነው የሚነገረው። እሳቸውም ለቅሶው እንደወጣላቸው የሚጠይቁት አንድ ነገር እንደሆነ ሁሉም ያውቃል፤ ሥዕሏን ከየቦታው አንሥታችኋል ወይ? ፊቷን ሸፍናችኋል ወይ? መኪናው ከቀትር በኋላ ይነሣል።

«እዚያ መሥሪያ ቤትሽ ያለውስ?» አለ ዱዌይን፣ ወደ መታጠቢያው ሳህን እያየ።

ቢላዋው ቆመ። ሁሉም ወደ ታኒካ ዞረ።

ታኒካ የምትሠራበት ድርጅት መብራትና ጋዝ ይሸጣል። የዛሬ ሁለት ዓመት ለዕርቅ ሳምንት ከምድሩ ነባር ባለቤቶች አንድ ሽማግሌ መጥተው እንኳን ደህና መጣችሁ እንዲሉ ፈልጎ ነበር፤ ሟቿ የዚሁ ምድር ልጅ ነበረችና መብቱ ነበራት። ሄዳ የለመነቻት ታኒካ ናት። ወንዙ ዳር ካባዋን አልብሰው፣ አራት ጊዜ አስደግመው በቪዲዮ ቀረጿት፤ ምሳ ጋበዟት። ከዚያ ወዲህ ድርጅቱ ሌላ ሽማግሌ ጠርቶ አያውቅም። የተቀረጸች ሽማግሌ አትታመም፣ አታረጅ፣ ታክሲ አምጡልኝ አትል። አዲስ ሠራተኛ ሲቀጠር ትቀበላለች፤ ስብሰባ ሲከፈት ትባርካለች፤ ምድር ቤት አሳንሰሩ አጠገብ ባለው ስክሪን ላይ ቀኑን ሙሉ ትደጋግማለች። ያኔ ቤተሰቡ፣ እማማ ዱልሲና ጎረቤቶቻቸው ሳይቀሩ፣ እሷን ለማየት ሲሉ የመብራት ድርጅቱን የፌስቡክ ገጽ መከታተል ጀምረው ነበር። የመብራት ሻጭን ወድዶ የሚከታተል ሰው እነሱ ብቻ ሳይሆኑ አይቀሩም።

«ከመሄዳችን በፊት አስወርዳታለሁ፤» አለች ታኒካ። ፈቃድ ቢሰጧትም ኖሮ ቢሮ መሄዷ አይቀርም ነበር ማለት ነው።

ባቡሩ ውስጥ ማሞቂያው አይሠራም። ታኒካ መስኮቱን ተደግፋ የምትለውን ነገር ትለማመዳለች፤ አጭር፣ ጨዋ፣ ለቅሶ የሌለበት። መሃል ከተማ ወርዳ ስድስት ዶላር ከሃያ ሳንቲም ከፍላ ቡና ገዛችና ሳትጠጣው ይዛው ገባች። ምድር ቤት ሟቿ ስክሪኑ ላይ ሆና ፊት ለፊት ጠበቀቻት። ካባዋን ለብሳ፣ ወንዙ ከኋላዋ እየበራ፣ ከቁመቷ ሦስት እጥፍ ሆና፣ «ልጆቼ፣ እንኳን ወደ ምድራችን ደህና መጣችሁ» ትላለች፤ ታኒካን በማለዳ ከእንቅልፏ ትቀሰቅስበት በነበረው ድምፅ። ታኒካ ዓይኗን መሬት ላይ ተክላ ወደ እንግዳ ተቀባይዋ ሄደችና አጥፊልኝ አለቻት። ልጅቷ ማጥፊያው ሜልቦርን ዋናው መሥሪያ ቤት ነው ያለው፣ እዚህ ያለው ድምፁ ብቻ ነው አለችና፣ ለማስደሰት ያህል፣ ድምፁን እስከ መጨረሻው ቀነሰችው። አሁን የሟቿ ከንፈር ብቻ ይንቀሳቀስ ጀመር። ከቅድሙ ባሰ።

የሥልጠናው ክፍል ዐሥረኛ ፎቅ ላይ ነው። ጠረጴዛው ላይ ነጠብጣብ ሥዕል ያለው ጨርቅ ተነጥፏል፤ በላዩ ላይ የዱር ፍሬ ብስኩት፣ አንዱ አራት ዶላር ከግማሽ፣ የአገር ቤት ዕቃ መሆኑን የሚገልጽ ትንሽ ባንዲራ ተሰክቶበት። የሰው ኃይል ኃላፊዋ ብሪጅት ጆሮዋ ላይ ኢሙ የሚባለውን የአገሩን ትልቅ ወፍ ላባ አንጠልጥላ ወንበር ትደረድራለች። ክፉ ሴት አይደለችም። ክፉ ብትሆን ነገሩ በቀለለ። ታኒካ ወደ ሻይ ማፍያው ወስዳ ስትነግራት ብሪጅት እጇን ደረቷ ላይ አደረገች፣ ዓይኗ እንባ አቀረረ፣ አቅፋም አልለቅ አለች፤ ላባው ታኒካ አፍንጫ ውስጥ ገባ።

«የኔ ቆንጆ! እና ለምን መጣሽ?»

«ግራንት አክስት አትገባም አለኝ።»

«አይ ግራንት!» አለች ብሪጅት። «እኛ እኮ ዛሬ የምናስተምረው ይህንኑ ነው። እናንተ ዘንድ አክስት እናት ናት። ሥዕላዊ ማብራሪያ ሁሉ አለን።»

ታኒካ የተለማመደችውን አለች። ፊቷ አይታይ፣ ድምጿ አይሰማ፣ ከስክሪኑም፣ ከሥልጠናውም፣ ከሁሉም ቦታ ትውረድ፤ አሁን። ብሪጅት ጭንቅላቷን እየነቀነቀች አዳመጠች። ይህም ማብራሪያው ውስጥ አለ፤ የሟች ምስል ከመታየቱ በፊት የቅርብ ቤተሰብ ይጠየቅ ይላል። ስለዚህ መጠየቅ አለባት። «እንዲወርድ የምትፈልጉት እንደ ቤተሰብ ነው?»

«አዎ።»

«አየሽ፣ እኔ አምኜሻለሁ። ሲስተሙ ግን አንቺን የቅርብ ቤተሰብ አይልሽም። ስትቀጠሪ... አክስት ብለሽ...» እጇን እንደገና ደረቷ ላይ አደረገች። «ልጅ የላትም?»

ታኒካ ወደ ዱዌይን ደወለች፤ ብሪጅት ስልኩን ከሻይ ማፍያው አጠገብ አስቀምጣ ድምፁን ከፈተችው። ከበስተኋላ የቤቱ ድምፅ ይሰማል፤ ሳል፣ የሚንቧቧ ውኃ፣ የሆነ ሰው ጫማ ሲፈልግ።

«ጌታዬ፣ ለሐዘንዎ በጣም አዝናለሁ። ጥያቄዎን አሁኑኑ ወደ ሜልቦርን እልካለሁ። ለማረጋገጥ ያህል ብቻ፣ የእናትዎን ሙሉ ስም ይንገሩኝ።»

የሚንቧቧው ውኃ ተዘጋ።

ታኒካ ይህን አረፍተ ነገር ታውቀዋለች። እሷም የደንበኛ ስልክ እየመለሰች እንጀራዋን የምትበላበት አረፍተ ነገር ነው። ከሰሜን፣ ከበረሃው መንደሮች፣ የሟች እናታቸውን የመብራት ውል ሊያዘጉ የሚደውሉ ሰዎች አሉ፤ ሙሉ ስም ይንገሩኝ ስትላቸው እንዲህ ዝም ይላሉ፤ የቤት ቁጥር ጠይቃ ታልፋቸዋለች፣ ደንቡ ባይፈቅድም።

«ሌላ ነገር ጠይቂው፤» አለች ለብሪጅት። «የልደት ቀን፣ አድራሻ፣ የፈለግሽውን።»

«ስሟን አንጠራም፤» አለ ዱዌይን። ድምፁ እምብዛም አይሰማም ነበር።

«ሙሉ በሙሉ አከብራለሁ፤» አለች ብሪጅት። «ስም ሳይሞላ ግን ወደሚቀጥለው አያሳልፈኝም። ይኸው፣ ተመልከቱ፣ ቀይ ይሆንብኛል።» በስልክ ላለውና ሊያየው ለማይችለው ሰው የላፕቶፗን ስክሪን ዞር አደረገችለት።

ዱዌይን ስልኩን ዘጋው። ሰዎች መግባት ጀምረዋል፤ ወንበር ይጎተታል፤ ከፊት ለፊት ባለው ትልቅ ሰሌዳ ላይ የወንዙ ሥዕል ቆሟል፣ መሃሉ ላይ ነጭ የማጫወቻ ምልክት፣ ከምልክቱ በስተኋላ የካባዋ ጠርዝ። አንድ ሰው ሲነካው ትናገራለች። ብሪጅት ሰዓቷን ሳይሆን ታኒካን ነው ያየችው፣ በእውነተኛ ርኅራኄ። «የቤተሰቡ ተወካይ ብዬ አንቺን ልሞላሽ እችላለሁ። ስሟን ካረጋገጥሽልኝ። ጆሮዬ ላይ ብትነግሪኝም ይበቃል።»

ታኒካ ቡናውን አስቀመጠች። በቀዘቀዘው ኩባያ ላይ ክዳኑን ጠበቅ አደረገች። ከዚያ ጎንበስ ብላ ላባ ወዳለበት ጆሮ ስሟን ነገረች፤ የመጀመሪያውን፣ የመካከለኛውን፣ የአባቷን። ብሪጅት እየደጋገመች፣ ፊደሉን አንድ በአንድ ጮክ ብላ እየጠራች ጻፈችው። «ልክ ነኝ?» አለች። «ልክ ነሽ፤» አለች ታኒካ። ቀዩ አረንጓዴ ሆነ።

ብሪጅት ቃሏን ጠበቀች፤ ይህ ሊመሰከርላት ይገባል። ቪዲዮው አልታየም። በምትኩ ከፊት ቆማ፣ ለምን እንዳልታየ በተሰበረ ድምፅ አስረዳች። ማን እንደሞተች ተናገረች። በስሟ። ትክክለኛ አጠራሩን አሁን በማወቋ ደስ ብሏት ይመስላል፣ ሁለት ጊዜ ጠራችው። ክፍሉ ሙሉ ሰው እጁን ደረቱ ላይ አደረገ፣ የሒሳብ ክፍሎቹም፣ የሽያጭ ልጆቹም። ታኒካ ጠረጴዛውን በሁለት እጇ ያዘች።

«አሁን እዚህ ጋ ነው ሥልጠናው ሕይወት የሚዘራው፤» አለች ብሪጅት። «ታኒካ፣ ስማቸው ለምን እንደማይጠራ ለሁላችንም ታብራሪልናለሽ?»

ከጎኗ የተቀመጠው ኒኮስ፣ ጡረታ ሊወጣ የተቃረበ ግሪካዊ፣ አንገቱን ወደ እሷ አዘነበለ። «አልቅሺላቸውና ይልቀቁን፤» አለ በሹክሹክታ። «ካላለቀስሽ ሰርተፍኬት አይሰጡንም።» ከዚያ ፊቷን አየና ብስኩቱን ወደ እሷ ገፋ አደረገላት። ታኒካ አብራራች። ምን እንዳለች በኋላ አላስታወሰችም። አንዲት ሴት ማስታወሻ ትይዝ ነበር፤ ሌላዋ ይህ ለድመትም ይሠራ እንደሆነ ጠየቀች፣ ድመቷ በቅርቡ ስለሞተችባት። ከዚያ የዘመድ ሥዕላዊ ማብራሪያው መጣ። ክቦችና ቀስቶች፤ አንዱ ክብ ላይ «የእናት እህት» ተጽፎ፣ ከሥሩ በደማቅ፣ «ይህችም እናት ናት»። ግራንት ከኋላ ወንበር ሞባይሉን አውጥቶ ፎቶ አነሣው።

ለምሳ ሲበተኑ ታኒካ አሳንሰሩን ትታ በደረጃ ወረደች፤ ምድር ቤት መድረሱን ለማዘግየት ይመስላል። ስትደርስ ግን ስክሪኑ ጥቁር ነበር። ቆማ ጠበቀች። ብልጭ አለና፣ ብርድ ልብስ የተከናነበ ቤተሰብ መጣ፤ የክረምት ቅናሽ፣ እስከ ነሐሴ። ታኒካ በዚያ ባዕድ ቤተሰብ ላይ ያላትን እንባ ሁሉ አፈሰሰች። እንግዳ ተቀባይዋ ደንግጣ ስለ ቅናሹ ልታስረዳት ተነሣች።

ቤት ስትገባ ሻንጣው መኪና ላይ ተጭኗል። «ወርዳለች፤» አለችው ዱዌይንን። «ከሁሉም ቦታ።»

«በስንት መከራ?»

«ሆነ፣ በቃ።»

ዱዌይን ጠጋ ብሎ መዳፉን አናቷ ላይ አሳረፈ፣ ሕፃን ሳሉ እናታቸው እንደምታደርገው። አልጠየቃትም። እሷም አልነገረችውም። ዱዌይን መሪው ላይ፣ ሲስ ከጎኑ፣ ታኒካ ከሁለት አጎቶች መሃል ተጣብቃ፤ ከከተማው ወጥተው የስንዴ ማሳው ላይ ደረሱ። ከዚያ አንደኛው አጎት እማማ ዱልሲ ሲያዩን ምን እንበላቸው አለ። «በሩን ስትከፍት ታውቃለች፤» አለ ዱዌይን። «አምስታችንን አንድ ላይ ካየች ታውቃለች። ዋናው እጇን መያዝ ነው። እጇን እኔ እይዛለሁ፤ ታኒካ፣ አንቺ ሌላውን።»

ፖርት ዌክፊልድ ላይ ነዳጅ ሊቀዱ ቆሙ። ዱዌይን የሥጋ ፓይ ሊገዛ ገባ፤ መስታወቱ ላይ ስምንት ዶላር ከሃምሳ ይላል። ማሞቂያው እንዳይጠፋ ሞተሩ እንደተነሣ ነው። የታኒካ ስልክ ተንቀጠቀጠ። ግራንት ነው። «መልካም ዜና! ስሙ ስለተረጋገጠ ሲስተሙ በእናትነት ተቀብሏታል። ሁለት ቀን ከነክፍያው። አይዞሽ።» አንብባ ሳትጨርስ ከሥሩ ሌላ መጣ፤ የድርጅቱ ገጽ አዲስ ነገር ለጥፏል። ከፈተችው።

መጀመሪያ ማስጠንቀቂያው ነበር፣ በሚያምር ፊደል፤ አቦርጅናል አንባቢዎች ሆይ፣ ቀጥሎ ያለው የሟች ስምና ምስል ይዟል። ከሥሩ ካባዋን ለብሳ፣ አራተኛውን ቀረጻ ጨርሳ በገላገሏት ጊዜ ስትስቅ፣ ስልኩን ሞልታ ተቀምጣለች። ከእሷ ሥር ሙሉ ስሟ። የመጀመሪያው፣ የመካከለኛው፣ የአባቷ፤ አንዲት ፊደል አልተሳሳተችም። «ሁላችንን በፍቅር የተቀበሉንን እናታችንን በሐዘን እንሰናበታለን።» ከአራት መቶ በላይ ልብ። ኒኮስም ልብ አድርጓል። የተለጠፈው ታኒካ ምድር ቤት ስክሪኑ ፊት ቆማ ስታለቅስ በነበረበት ሰዓት ነው።

ታኒካ ስልኩን ጭኗ ላይ ገለበጠችው፤ እንደ ፍሬሞቹ።

የመኪናው ድምፅ ማጉያ ጮኸ። የዱዌይን ስልክ ከመኪናው ጋር እንደተያያዘ ነበር፤ ፊት ለፊት ባለው የመኪናው ስክሪን ላይ «እማማ ዱልሲ» የሚል ጽሑፍ በራ። አጎቶቹ ተያዩ። ታኒካ «ተዪው!» ስትል የሲስ ጣት በልማድ ነክቶታል።

«ዱዌይን? አንተ ዱዌይን!» የእማማ ዱልሲ ድምፅ መኪናውን ሞላው። «ምን ጉድ ነው? ጎረቤቴ ስልኳን ይዛ መጥታ እህቴን አሳየችኝ። ያ መብራት ድርጅት ለጥፏታል። መነጽሬ ጠፍቶብኝ ጽሑፉን አንብቢልኝ ብላት፣ አላነብም ብላ እየሮጠች ወጣች። ሸለሟት እንዴ? ካባዋን ለብሳ እንዴት አምሮባታል፣ ይቺ ጉረኛ!»

ሳቁ። ከዚያም ስሟን ጠሩ። ሙሉውን ሳይሆን የልጅነቱን፣ ከእሳቸው በቀር ማንም የማይጠራውን ቁልምጫ። ሲስ ሁለት እጇን አፏ ላይ አደረገች። ከትናንት ማታ ጀምሮ ያን ስም መጥራት የሚችሉ ሰው እሳቸው ብቻ ነበሩ፤ ስላልተነገራቸው።

«አለች እዚያ? ስጠኝ እስኪ ላናግራት።»

ዱዌይን ፓዮቹን በካርቶን ተሸክሞ መስኮቱ ጋ ደርሷል። ሰምቷል። በመስታወቱ ውስጥ ታኒካን ያያታል፤ ጭኗ ላይ የተገለበጠውን ስልክም ያያል። ስሟን አይጥሩ ቢሏቸው መሞቷን መንገር ነው፤ ቢዘጉትም መንገር ነው።

እማማ ዱልሲ መስመሩ የደከመ መስሏቸው፣ ድምፃቸውን ከፍ አድርገው፣ እህታቸውን እንደገና ጠሯት።